አማቴን ያስራብኩባቸው ሬስቶራንቶች

ለሦስትና ለአራት ቀን ዋሺንግተን የሚመጣ ሰው የት እንደሚበላ ማወቅ ሲፈልግ እኔ ጋ ይደውላል። ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የሚመጣው፣ ከለንደን ለሽርሽር የሚመጣው፣ ከሲያትል ለሠርግ የሚመጣው፣ ሁሉም ቁጥሬን ከሆነ ሰው ይቀበላል። እኔም ከዋሺንግተን ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ ሰፈር ካለው አፓርታማዬ ሶፋ ላይ ተጋድሜ እንደ ጦር አዛዥ አሰማራቸዋለሁ። «ዓሣ ከሆነ ወንዙ ዳር። ሾርባ ከሆነ ወደ ፌርፋክስ ስትሄድ በስተቀኝ። ዶሮ ካማረህ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ እንደላክሁህ ንገራቸው።»

ቢነግሯቸው ማንም አያውቀኝም። ከምዘረዝራቸው ቤቶች ግማሾቹን ያየኋቸው ታክሲ በነዳሁበት ዘመን ተሳፋሪ ሳወርድ፣ በመስኮት ነው። ከቀሩት ውስጥ አብዛኞቹ ጋ የገባሁት ሽንት ቤት ፍለጋ ነው። ምግባቸውን እርግጠኛ ሆኜ ባልመሰክርም መጸዳጃቸው ንጹሕ ነው። ያም ሆኖ ዝናዬ ውቅያኖስ ተሻግሮ ነበር። ባለፈው ግንቦት አማቴ መጡና በሦስት ቀን ውስጥ አፈር አስበሉት። እሳቸው ራሳቸው ግን ምንም አልበሉም፤ ችግሩም ይኸው ነበር።

አማቴን በአካል አይቻቸው አላውቅም ነበር። ከሚስቴ ጋር የተጋባነው እዚሁ ስለሆነ፣ የሠርጋችን ዕለት የተገኙት በስልክ ስክሪን ነው። የታየኝም የግራ ጉንጫቸውና የሳሎናቸው ጣሪያ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ደህና ነዎት አባባ?»፣ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ይቆራረጣል» ስንባባል ኖረናል። በዚህ ዓይነት ውይይት የተገነባ ፍቅር ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም ያኔ አላውቅም ነበር።

ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልፏል፤ ከዚያ በኋላ እህል እምቢ ብለው ሰውነታቸው አለቀ። አዲስ አበባ ያያቸው ሐኪም አገላብጦ መርምሮ ምንም በሽታ አጣባቸው። መድኃኒታቸው መብላት ብቻ ነው ብሎ አሰናበታቸው። ስለዚህ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ተመካከሩ። ቶሮንቶ ያለችው ታላቅየዋ አንድ ወር አቆየቻቸው። ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ደግሞ እኛ ጋ አራት ቀን እንዲያርፉ ተወሰነ፤ ሐሙስ ገብተው ሰኞ ይበራሉ።

ሚስቴ ነርስ ናት። ሺፍቷን ለመቀየር ያልለመነችው ሰው የለም፤ ያገኘችው ኦፍ ግን እሑድ ብቻ ነው። ሐሙስ፣ ዓርብና ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ፣ አባቷ ከተኙ በኋላ ነው የምትመለሰው። ረቡዕ ዕለት የሥራ ልብሷን እየተኮሰች ጠራችኝ።

«የዋሺንግተንን ምግብ አውቃለሁ የምትለው አንተ አይደለህ?»

«ማን ይወዳደረኛል?»

«እንግዲያው አባዬን አብላልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። እናቴን እንዲህ አልቃ ነው ያጣናት። እሑድ ሳየው ከስቶ ካገኘሁት...» አለችና ቀሪውን ለካውያው ተወችው። ካውያው ጢስስ አለ።

ማታውን የሚስቴ እህት ባል ከቶሮንቶ ኮል አደረገልኝ። «ሁለት ኪሎ ጨምረን ነው የምንልክልህ፤ እንደተረከብክ አስረክብ» አለኝ። ከዚህ ሰውዬ ጋር በአማችነት የምንፎካከር መሆናችንን ሁለታችንም አንናገረውም እንጂ ሁለታችንም እናውቀዋለን። እኔ ደግሞ ሁለት ኪሎ ሳይሆን አምስት ጨምሬ፣ አየር መንገዱ ሁለት ወንበር እንዲያስይዛቸው ለማድረግ ቆርጫለሁ። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾም የለም፣ ሰበብ የለም። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። አንድ ሕግም አወጣሁ፦ ሀበሻ ቤት አይገባም። ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽሮ በልተዋል፤ እዚህ ድረስ አምጥቼ ሽሮ ላበላቸው ነው?

ሐሙስ ከኤርፖርት ተቀበልኳቸው። ከጉንጫቸው የቀረውን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸው እንደ ውሰት ልብስ የሰፋባቸው ሽማግሌ ናቸው። በቀጥታ ወደ ፌርፋክስ መንገድ ይዣቸው ሄድኩና፣ የቪየትናሞች ሾርባ ቤት ገባን።

«ምን ይምጣልዎት አባባ?»

«ለኔ ምንም አልፈልግም ልጄ። አውሮፕላን ላይ ሰጥተውናል።»

«እሺ አባባ» አልኩ።

ከቶሮንቶ እዚህ ድረስ ያለው በረራ ጫማ አውልቆ እስከማድረግ እንኳ አይፈጅም። የሰጧቸው ነገር ቢኖር አንድ ፍሬ ብስኩት መሆኑን መገመት አያቅተኝም ነበር። ግን አላሰብኩትም። ለራሴ ሕፃን በሚታጠብበት ጎድጓዳ ሳህን ሾርባ አዘዝኩ። እሳቸው ሳህኑን ትንሽ አዩት፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። የአሜሪካ ሕንፃ አሠራር ማርኳቸው ነው ብዬ ስለ ሕንፃው አብራራሁላቸው። አፌ በኑድል ስለተሞላ ማብራሪያው ብዙም የጠራ አልነበረም።

ሚስቴ ከሆስፒታል ደወለች። «አባዬ በላ?»

«ሳህኑ ተጠርጓል» አልኳት። አልዋሸሁም። ማን እንደጠረገው አልጠየቀችኝም።

ዓርብ ጠዋት ቤት ውስጥ፣ «ቁርስ ላቅርብ አባባ?» አልኳቸው።

«ይቅር ልጄ፣ አትቸገር።»

«እሺ አባባ።» እንቁላሌን ማድቤት ቆሜ በላሁ፤ የምግብ ሽታ እንዳይረብሻቸው ብዬ። እንዲህ ነው እንግዲህ መሠልጠን፤ ሰው አልፈልግም ካለ አልፈልግም ነው፣ አይነዘነዝም፣ ፍላጎቱ ይከበራል። ራሴን እንደዚያ ጠዋት ያደነቅኩበትን ቀን አላስታውስም።

ለምሳ አሮጌው አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር ያለ ዓሣ ቤት ወሰድኳቸው። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ በመስኮት ጀልባ፣ ውኃ የሚቀዳውም ሰው ክራባት ያሰረበት ቤት ነው። እንደ ዘወትር ደንበኛ ተንጎራድጄ ገባሁና ሽንት ቤቱን ብቻ በቀጥታ አገኘሁት። አስተናጋጁ የኔን ትእዛዝ ጽፎ ወደ አማቴ ዞረ። እሳቸው ቀና ብለው፣ ለተማሪ እንደሚያነቡ ቃል በቃል፣ «ኖ፣ ታንክ ዩ» አሉት።

አስተናጋጁ ፈገግ አለ። ከዚያም ከፊታቸው ያለውን ሹካ፣ ቢላዋና ሳህን ሰብስቦ ሄደ። አማቴ ሹካቸውን፣ አውቶቡስ እንዳመለጠው ሰው፣ ማድቤቱ በር እስኪውጠው ድረስ በዓይናቸው ሸኙት። እኔ ደግሞ ልቤ ደነገጠ። ሁለተኛ ቀናቸው ነው፣ ውኃ ብቻ ነው የሚጠጡት። ምናልባት ታመዋል። ምናልባት እኔን ጠልተዋል። ልጃቸውን የሰጧት በስክሪን ላዩት ግማሽ ጉንጭ ነበር፤ አሁን ሙሉውን ሲያዩ ተጸጽተው ይሆናል። እንዲህ እየተጨነቅሁ ዓሣውን ጨረስኩት። ስጨነቅ እበላለሁ፤ ሳልጨነቅም እበላለሁ።

ስንመለስ ወገባቸውን ሊያሳርፉ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ጥቂት እንደሄድን ከመኪናው ኋላ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጎማ ነው ብዬ ቀስ አልኩ፤ ቀጭ ማለቱን ቀጠለ። የፍሬን ሸራ ነው ብዬ መብራት ላይ ቆምኩ፤ ዝም አለ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ዓይኔን ወደ መንገዱ ስመልስ እንደገና ቀጭ፣ ቀጭ። በመስተዋቱ አጮለቅሁ። አማቴ ከኮታቸው ኪስ እየቆነጠሩ ዳቦ ቆሎ ይበላሉ። መስተዋቱን ሳይ ማላመጣቸውን ያቆማሉ፤ መንገዱን ሳይ ይቀጥላሉ። ዳቦ ቆሎውን አውቀዋለሁ። ለሚስቴ ከአዲስ አበባ ያመጡላት ስጦታ ነው፤ በጨርቅ ተሰፍቶ አንድ ወር ቶሮንቶ ከርሞ፣ ሐሙስ ዕለት እንደተሰፋ ሻንጣ ውስጥ አይቼዋለሁ። ስፌቱን ፈተውታል።

ሰውዬው አልታመሙም። ተርበዋል።

ቤት ስንደርስ ጋደም አሉ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ፣ ኩራቴን ውጬ ቶሮንቶ ደወልኩ።

«ምን ምን ነበር የምታበሏቸው?» አልኩት።

«ያለውን። ፓስታም፣ ፒዛም፣ የቻይናም። ምን ሆነ?»

«እምቢ አሉኝ።»

«ስንቴ ለመንካቸው?»

«ስንቴ ማለት ምን ማለት ነው? ጠየቅኳቸው፣ አልፈልግም አሉ፣ እሺ አልኳቸው።»

ሚስቱን ሲጠራ ሰማሁት። «ነይማ ስሚ። አባባን አንድ ጊዜ ጠይቆ እሺ ብሎ ይቀመጣል።» ከበስተኋላው የሴት ሣቅ መጣ፤ ሣቁ ግን ቶሎ ቆመና «አባዬ አልበላም እንዴ?» የሚል ተከተለ።

«አንተ ሰው፣ የየት አገር ልጅ ነህ?» አለኝ ሰውዬው። «አንደኛው አልፈልግም ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ጨዋነት ነው። ሦስተኛው ላይ ነው እጃቸውን ታጥበው የሚቀርቡት። ይሄ ይጠፋሃል?»

«አይጠፋኝም።»

«እና?»

እና ምን እላለሁ? እኔ ራሴ እንዲያ ነው ያደግሁት። ጎረቤት ስላክ እናቴ በር ላይ ይዛ፣ «ቢሰጡህ በልቻለሁ በል» ትለኝ ነበር። ምራቄን እየዋጥኩ ሁለት ጊዜ እምቢ እልና ሦስተኛዋን «በሞቴ» ስሰማ ቁራሹ ላይ እሰፍር ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አሜሪካ ተቀምጬ ነው የነጠፈብኝ። የመጣሁ ሰሞን አብሮኝ የሚሠራ ፈረንጅ ከሳንድዊቹ ግማሹን ልስጥህ ሲለኝ፣ አይ አልኩት። ሁለተኛውን ጥያቄ ስጠብቅ ግማሹን በላው፤ ስጠብቅ ሌላውን ግማሽ በላው፤ ስጠብቅ ጡረታ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለተጠየቅኩት ሁሉ በመጀመሪያው እሺ ማለት ለመድኩ። ሰውንም አንዴ ብቻ መጠየቅ ለመድኩ። መሠልጠን ያልኩት ይህንን ነበር።

«ሁለቱን ኪሎ ደግሞ መልስልን» አለኝና ዘጋው።

ነገሩ ከገባኝ በኋላም ቀላል አልሆነም። ሰውን በምግብ መለመን ቅርበት ይፈልጋል። በግማሽ ጉንጭና በተቆራረጠ ስልክ የማውቃቸውን ትልቅ ሰው በየትኛው ድፍረቴ «በሞቴ» እላለሁ? ዓርብ እራት ላይ ሞከርኩ። ሁለተኛውን ጥያቄ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «ቴሌቪዥን ልክፈትልዎት?» የሚል ወጣ። ስለዚህ፣ ብልህ ሰው ነኝና፣ ሥራውን ለባለሙያ ልሰጥ ወሰንኩ።

ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ትልቅ የሥጋ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። እጄን ልታጠብ ብዬ ተነሥቼ አስተናጋጁን ጥግ ይዤ አስረዳሁት። «አማቴ እምቢ ይሉሃል። አትመናቸው። ሦስት ጊዜ ጠይቃቸው። ባህላችን ነው።» ቀና ልጅ ነው፤ ደብተሩ ላይ ጻፈው። ከሥሩም አሰመረበት።

መጣና አማቴ ፊት ቆመ። «የሚበላ ይፈልጋሉ?» ኖ፣ ታንክ ዩ። «የሚበላ ይፈልጋሉ?» አላቸው ወዲያው፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፈገግታ። አማቴ ወደኋላ ሸሸት አሉ። ኖ። ሦስተኛ ጣቱን አወጣ። «የሚበላ ይፈልጋሉ?»

አማቴ ክንዴን ያዙኝ። «ይህ ልጅ ጤነኛ ነው?»

«ደንበኛ ስለሚያከብሩ ነው አባባ።»

«መርማሪ ነው የሚመስለው። ተነሥ ልጄ፣ እንሂድ።»

ወጣን። ልጁ ከበሩ ሆኖ አውራ ጣቱን አሳየኝ፤ የተባለውን ሠርቷል፣ ጥፋት የለበትም። አማቴ በፀሐዩ ቀስ እያሉ ይራመዳሉ። ኮታቸውን ነፋስ ሲሞላው፣ ሰውየው የት እንዳሉበት ፈልጌ ነው ያገኘኋቸው። ነገ እሑድ ነው። ለሚስቴ ምን ብዬ ነው የማስረክባቸው? ሦስት ምግብ ቤት ወስጄ፣ በሁለቱ ለራሴ በልቼ፣ አባትሽን በዳቦ ቆሎ አኖርኩልሽ ልበላት?

ጥግ ላይ ከሰል ላይ ዶሮ የሚያዞሩ የፔሩ ሰዎች ቤት ነበረ። አስተናጋጅ የለም፣ ጠረጴዛው ፕላስቲክ ነው። ለማንም ሳልነግር፣ ማንንም ሳልጠይቅ አንድ ሙሉ ዶሮ አስቆርጬ፣ በአንድ ትሪ ከነአረንጓዴ ዳጣው አመጣሁና መሐላችን አስቀመጥኩት። አማቴ ወዲያው መንገዱን ማየት ጀመሩ።

«ይብሉ እንጂ አባባ።»

«በቃኝ ልጄ። አንተ ብላ።»

«እሺ» ምላሴ ጫፍ ድረስ መጣች። ነክሼ መለስኳት።

«ትንሽ ይቅመሱለት።»

«አልራበኝም አልኩህ እኮ።» ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ሳይሆን ጭኑን ነበር።

ሦስተኛው ቀረኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያላወጣሁትን ቃል ፈለግሁ። ከመጋዘን እንደወጣ ዕቃ አቧራው እየበነነ መጣ። «በሞቴ» አልኩ። ድምፄ እንደ ጎረምሳ ተሰንጥቆ ወጣ። ከጎናችን ያለች ሴት ዞራ አየችኝ።

አማቴ ዓይናቸውን ከጭኑ አንሥተው ወደ እኔ ዞሩ። «በማን ሞት?»

«በኔ።»

«በቅጡ ሳላውቅህ ልትሞትብኝ ነው?» አሉና ትሪውን ወደራሳቸው ሳቡት።

ያን ዶሮ እንዴት እንደበሉት አጋነንክ ስለምባል አልናገርም። አጥንቱን ቢያይ አንድ ሐኪም ይህ እንስሳ የሞተው ከመቶ ዓመት በፊት ነው ብሎ ይፈርም ነበር ብቻ ልበል። ሲጨርሱ እጃቸውን ጣት በጣት ጠረጉ።

«ባለቤቴ አራት ጊዜ ነበር የምትለምነኝ» አሉ። «ሦስት ይበቃል እላታለሁ፤ ሒሳብ ለኔ ተዪው እላታለሁ። አራተኛውን የምለምንህ ደስ ስለሚለኝ ነው ትለኝ ነበር።» ናፕኪኑን አጠፉት። «አሁንም ምግቡ ይሠራል። የምትረዳኝ ልጅ አለች፣ ታቀርባለች፣ አባባ ይብሉ ትለኛለች። አይ ስላት ታነሣለች። ጥሩ ልጅ ናት። ታዛዥ ናት።»

እኔም ሦስት ቀን ሙሉ ታዛዥ ነበርኩ። ከዶሮው ጋር ከመጣው ድንች አንድ አነሣሁ።

«ብላ፣ ብላ» አሉኝ አጋጣሚውን ይዘው።

«በቃኝ አባባ፣ የምሬን ነው።»

«አንድ» አሉ፣ እንደ መምህር። ዳጣ ያጠቀሱትን ክንፍም ወደ አፌ ዘረጉ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሚስቴ ኦፍ ናት። በአንድ እጇ ድስት፣ በሌላው እጇ ድስት ይዛ፣ በሦስተኛው እጇ የአባቷን ክንድ እየለካች ቤቱን ሞላችው። ገበታው ቀረበ። አንድ እንጀራ በሉ። እኔ ምንም አልነገርኳትም፤ ቶሮንቶም እንዳይነግሯት ለምኜ ነበር፣ እነሱን ሦስቴ ነው የለመንኳቸው።

«አባዬ፣ ልጨምርልህ?»

«በቃኝ ልጄ።»

«እሺ» አለችና ትሪውን አነሣች።

አስራ ስድስት ዓመት ነርስ ሆናለች። በሽተኛውን አንዴ ትጠይቃለች፣ የመለሰውን ትጽፋለች፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ትሄዳለች። ትሪውን በሌላው ጫፍ ያዝኩት።

«ምን ሆነሃል?»

«ሁለት ይቀርሻል» አልኳት።

«ምኑ?»

«ለምኛቸው።»

ሳበች፣ ሳብኩ፤ ወጡ ወዲያና ወዲህ አለ። ከዚያ አባቷን አየች። አማቴ በመስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው እያዩ ነው፤ የታርጋዎቹን ቁጥር ሁሉ እየደመሩ ይመስላሉ። ወጥ የነካው እጃቸው ግን ገና አልታጠበም፤ ጣቶቻቸው አንድ ላይ ተሰብስበው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አርፈዋል። ሚስቴ ያንን እጅ ለትንሽ ጊዜ አየችው። ዓርብም፣ ቅዳሜም በጨለማ ስትወጣ በር ላይ ሆና «አባዬ፣ ቁርስ ልሥራልህ?» ብላ አንዴ ጠይቃ፣ «ሂጂ ልጄ፣ ይረፍድብሻል» ተብላ ነበር የሄደችው።

ትሪውን መልሳ አስቀመጠች። ወንበሯን አስጠግታ አጠገባቸው ተቀመጠችና አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለለች፤ እሱ እንኳ እንደኔ ወሬ የተጋነነ ነበር። «አባዬ» አለች፣ ከዚህ በፊት በማላውቀው ድምፅ፣ «አፈር ስሆን።»

ገና ሁለተኛው ላይ ነበረች። አማቴ ሦስተኛውን አልጠበቁም፤ ከመስኮቱ ዞረው አፋቸውን ከፈቱ።